ላንጋኖ እስኪጠራ

ልጄን ያስኬዳት ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ዲላ ገበያ መሐል ቆሞ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያጣም። የአማቴ ማኅበርተኞች ማርያም ናት ይሉታል። ጎረቤቴ አየለች ጸሎት ነው ትለዋለች፤ የማን ጸሎት እንደሆነም አትደብቅም። የክሊኒኩ ድሬሰር የዓሣ ዘይት ነው ይላል። ባለቤቴ ተፈራ አሸዋ ነው ብሎ ይጀምርና አሸዋ ከድንጋይ እንዴት እንደሚፈጠር ሳይነግር አይለቅም። ጫፏን ያልነካ ወጌሻ እንኳ የራሱ መልስ አለው። መልሱን የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ እናቷ ነኝ፤ ነገሩ ሲሆንም አጠገቧ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስለዚህ መልሱን ትቼ መንገዱን እጽፋለሁ። ላንጋኖን ያላያችሁ ብዙ ናችሁ። ሂዱ አልልም፤ ከሄዳችሁ ግን እኛ የሠራነውን እንዳትሠሩ።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማምሻ ላይ ነው። ተፈራ ዲላ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። የሐይቆቻችንን ስፋትና ጥልቀት በቃሉ ይዟል፤ አንዳቸው ውስጥ ግን እግሩን ነክሮ አያውቅም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ ከዴስኩ በላይ እየወጣ ነው። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ስስታም ይሆናል። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውንም አልተውም፤ የተሳሳተ ነገር ካየሁም እንቅልፍ አይወስደኝም።

ብርቄ ሁለት ዓመቷ ሲቃረብ አልሄድ አለች። መቆምስ ትቆማለች። ግድግዳ ይዛ ብድግ ትልና፣ እንደ አጥቢያ ዳኛ ግራ ቀኙን ገርመም አድርጋ፣ የሚያስኬድ ጉዳይ እንዳላገኘች ሁሉ ተመልሳ ቁጭ ነው። የሚስዮኑ ሐኪም እግሯን አጥፎ ዘረጋ፣ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አደረገና "ጤነኛ ናት፤ ሲያሰኛት ትሄዳለች" አለን።

"ሲያሰኛት" የሚለው ቃል አማቴን እማማ አስካለን አላስተኛቸውም። "እኔ ያን ሁሉ ልጅ ወልጄ ሲያሰኘው የሄደ አላየሁም። ሂድ ሲባል ነው የሄደው!" አሉ። ጥፋቱንም ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ጥፋቱ መጽሐፍ ነው። "እናቲቱ ወረቀት ላይ አቀርቅራ ትውላለች። ልጅቱ መሄድን ከማን ትማር?"

ከዚያ ተሳሉ። ብርቄ ለአስተርእዮ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ከገባች ለማርያም ጥላ ሊያገቡ። ካልገባችስ? ካልገባች ጋሽ ወልዴ የሚባሉት የቡሌ ወጌሻ ከደጋ ይወርዱና ጉልበቷን በጋለ ብረት ይተኩሷታል። "የእኔን ወንድም ተኩሰውት በማግስቱ ሮጧል" አሉ እማማ። እንዴት አይሮጥ።

ተፈራ እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም፤ እሺ አለ። የብርቄ ጉልበት እንደ ለሰለሰ ሊጥ ጣት ሲነካው ጎድጎድ የሚል ነው። እኔ ዝም አልኩ። በዝምታ እታወቃለሁ፤ ሰው እሺታ ይለዋል፣ አይደለም።

ላንጋኖ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ተፈራ ጋር የምታስተምር አንዲት አሜሪካዊት፣ ልጆች ባሕር ዳር አሸዋ ላይ የሚሯሯጡበትን ሥዕል አሳየችው፤ አሸዋ እግር ያጠነክራል ብላም ነገረችው። ምፅዋ ሩቅ ነው። ተፈራ ካርታውን ዘረጋና ጣቱን ላንጋኖ ላይ አሳረፈ። ጥምቀት አልፏል፣ የመንፈቁ ፈተና አልቋል፣ አስተርእዮ አልደረሰም። የብርቄ ጉልበት ያለው ጊዜ ያ ብቻ ነበር።

ሐሙስ። አየለች በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቆጮ ይዛ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችን። አየለች ጌዴኦ ናት፤ በአማርኛዋ ወንድና ሴት እኩል ስለሆኑ ብርቄን "እሱ" ትላታለች። "እዚያ ዓሣ ብቻ ነው አሉ። ልጅ በዓሣ አያድግም። እኔ እጸልያለሁ፤ አንቺ ቆጮ አብላው" አለችኝ።

እማማ አስካለም መጥተው ነበር። "ሰው ወደ ውሃ የሚሄደው ለጠበል ነው" አሉ።

"ጠበል አይደለም እማማ፤ ዕረፍት ነው" አለ ተፈራ።

"ምን ሠርታችሁ ደከማችሁ?"

ተፈራ ሻንጣውን ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ አቀበለ።

"ይህችስ ምን ሠርታ ደከመች? ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ!" አሉ ወደ ብርቄ በአገጫቸው እያሳዩ። ይህን ሲሉ አዝለዋት የነበሩት ራሳቸው ናቸው።

አውቶቡሱ ጣሪያው ላይ ቡና ጭኖ እንደ ነፍሰ ጡር እየተጠነቀቀ ተነሣ። ብርቄ ጭኔ ላይ ብዙ አልቆየችም። ከፊት ያሉት ሴትዮ "እስቲ አምጫት" አሉ፤ ከሳቸው ወደ ወታደሩ፣ ከወታደሩ ወደ ቄሱ አለፈች። ቄሱ መስቀል አሳልመው ለረዳቱ ሰጧት፤ ረዳቱ ሾፌሩ አጠገብ አስቀምጦ ጥሩንባ አስነፋት። ይርጋለም እስክንደርስ እግሯ የአውቶቡሱን ወለል አልነካም። ዲላም እንዲሁ ናት። ከቤታችን እስከ ገበያ የሚያልፍ ሁሉ አንስቶ ይስማታል፣ ያዝላታል፣ ጎረቤት አድርሶ ይመልሳታል። መንገዱ አስፋልት ቢሆን እንኳ ብርቄ ትሄድበት እንደነበር እጠራጠራለሁ፤ እሷ የምትሄደው በሰው ነው።

አዋሳ ልንደርስ ስንል ተፈራ የሐይቁን አቀማመጥ ሊያሳየኝ ካርታውን ዘረጋ። ብርቄ በዚያች ሰዓት ወደኛ ተመልሳ ነበር፤ ተሳፋሪው ያጎረሳትን ሙዝ ሁሉ ካርታው ላይ መለሰችው። ከባሌ እስከ ሐረር ተሸፈነ። ተፈራ በመሐረቡ ኦጋዴንን ብቻ ማትረፍ ቻለ።

ከአዋሳ ወዲያ ሰማዩ አስጨነቀኝ። ዲላ ሰማይ ማለት በእንሰትና በቡና ጥላ መካከል የምትታይ ቁራጭ ነገር ናት፤ ካስፈለገ ቀና ተብሎ ትታያለች። እዚህ ሰማዩ እስከ መሬት ወርዷል፤ ሰው የት ይደበቃል?

ሻሸመኔ ያደርንበት ቤት ባለቤት እትዬ ዙበይዳ ይባላሉ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ነገሮች ነበሩ፣ የጃንሆይ ሥዕልና ትኋን። ጃንሆይ ሁሉንም እያዩ ዝም አሉ። ብርቄ ግን አልቻለችም፤ ጩኸቷን ሰምተው እትዬ ዙበይዳ ትኩስ ወተት ይዘው ገቡ።

"ምን ሆነች ልጅቱ?"

"ትኋን ነው" አልኩ።

"ትኋን የለንም" አሉና አንዱን ከትራሱ ላይ በአውራ ጣታቸው ጨፍልቀው፣ "እግሯስ? ምነው አትቆምም?"

ተፈራ አስረዳ።

"ማዘል አብዝታችሁ ነው! አውርዷት! ልጅ መሬት ካልነካ መሬቱን በምን ያውቀዋል?" አሉ። ይህን እያሉ ብርቄን በሻሻቸው ጀርባቸው ላይ አሰሯትና፣ እስክትተኛ ድረስ በግቢው ውስጥ ከበረቱ እስከ በሩ ሲመላለሱ አመሹ። አውርዷት፣ አውርዷት ይላሉ፤ እሳቸው አላወረዷትም። ጠዋት ስንወጣ የሰጡንን ፍራሽ አራግፈው ይቅርታ ጠየቁን፤ ለመንገድ ብለውም ወተት በጠርሙስ አስያዙን።

ዓርብ። መገንጠያው ላይ ወረድንና በጠራራ ፀሐይ ወደ ሐይቁ አዘገምን። ተፈራ ሻንጣ፣ እኔ ብርቄን። ሆቴሉ ሐይቁ ዳር የተሠሩ ጎጆዎች ናቸው፤ ለእኛ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው ትንሹ ደረሰን። ዕቃችንን ጥለን ወደ ውሃው ወጣን፤ ቆምን።

ሐይቁ ድፍርስ ነበር። ሻይ በወተት የመሰለ፣ ዳር እስከ ዳር።

ዲላ ያደገ ልጅ ከእናቱ ስም ቀጥሎ የሚማረው ነገር አለ፣ ወንዝ ከደፈረሰ ላይ ዘንቧል። ወንዛችን ለገዳራ እንዲህ ሲሆን ማንም አይገባበትም፤ ልብስ አጣቢዎች እንኳ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪጠራ ወሬ ያወራሉ። የቸኮለ ሰው ሬሳው በማግስቱ ከታችኛው ድልድይ ይገኛል።

"ጎርፍ ገብቶበታል" አለ ተፈራ።

"ጥር ላይ?" አልኩ።

"የአርሲ ተራራ ነዋ። ተራራ ወር አይጠብቅም። እስከ ነገ ይጠራል።"

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ እኔም የለገዳራ ልጅ ነኝ። አሸዋው ላይ ጋቢ አንጥፈን፣ ልብሳችንን እንደለበስን፣ ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ ተቀመጥን፤ መጠበቅ ጀመርን። ፈረንጆችና የአዲስ አበባ ሰዎች እየጮሁ ይገቡበታል።

"ደፋሮች ናቸው" አለ ተፈራ በሐዘኔታ።

"ልጅ ያስገባሉ እኮ!"

"ወንዝ ዳር አላደጉማ።"

ማታ ዓሣ ከነጭንቅላቱ ቀረበልን። ዲላ የሚበላ ነገር ዓይኑን አፍጥጦ አያይህም። እኔ እሾሁን እየለቀምኩ ከሳህኑ ጥግ እንደ እርሳስ ስደረድር ምግቡ በረደ፤ ብርቄ ግን ዓይኑን ጠቁማ ጠየቀችና በላችው። ሁለተኛውንም።

ቅዳሜ። ጠዋት ተፈራ ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ አይቶ ተመለሰ። "ከትናንት ይሻላል" አለ። አይሻልም ነበር።

ቁርሳችንን ለመብላት የአየለችን ቆጮ ስንፈታ ጦጣ ከግራሩ ወርዶ ከእጄ ቀማኝ። ዛፉ ላይ ወጥቶ ገመጠው፣ አላመጠ፣ አሰበ፤ ከዚያ መልሶ ወረወረልን። ለአየለች ይህን አልነገርኳትም።

አንዲት ወፍራም ሴትዮ የባላቸውን ቁምጣ ታጥቀው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በፊታችን ሲመላለሱ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ ይባላሉ፤ የኮሎኔል ሚስት ናቸው። ባለፉ ቁጥር ቀስ ይላሉ፣ ያዩናል፣ ተፈራ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ይነሣል፤ እሳቸው ፈጠን ብለው ያልፋሉ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና ሐይቁ መንቀሳቀስ ጀመረ። ተፈራ ግራሩ ሥር ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጥሎ ተኛ። እኔ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ ይዤ ነበር። ንብ የለኝም። አውራዋ ንብ ቀፎዋን ለምን ለቃ እንደምትወጣ የሚተነትነው ምዕራፍ ላይ ደርሻለሁ።

ብርቄ ከአጠገቤ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ አሸዋ ትሞላዋለች፣ ትደፋዋለች። ለገና የገዛንላት ነጭ ጫማ ነው፤ ትሄድበታለች ብለን። ሶሉ እንደተገዛ ነበር።

ቀና ስል አንዱ ጫማ የለም። ማዕበሉ መጥቶ ወስዶታል፤ እዚያ፣ ሲመለስ ይዞት እየሄደ ነው። ብርቄ አላለቀሰችም። ወደ እኔም አልዞረችም። መሬቱን በሁለት እጇ ገፋች፣ መቀመጫዋን አነሣች፣ ቆመች። የምትይዘው ግድግዳ አልነበረም። ከዚያ ሄደች። እጆቿን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች፣ በንዴት ሄደች።

በአገራችን ደንብ እናት እዚህ ላይ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" ብላ ማጨብጨብ አለባት፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እልል ይባላል። አፌን ከፍቼም ነበር። ድምፅ ባሰማ ዞራ ታየኛለች፤ ካየችኝ እጇን ዘርግታ ቁጭ ትላለች። ይህን ያኔ አስቤው ነበር ብል ውሸት ነው። ዝም ነው ያልኩት።

ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ጋ ሲደርስ ጫማዋን ያዘች። ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ተቀመጠችበት። መጽሐፉን ጥዬ የሮጥኩት ያኔ ነው፤ ከነቀሚሴ፣ ከነነጠላዬ፣ ያልጠራው ሐይቅ ውስጥ ገብቼ አነሣኋት።

ተፈራ በውሃው መንቦጫረቅ ነቃ። "ምን ነካሽ! ሳይጠራ! ልጅ ይዘሽ!"

"ተፈራ፣ ብርቄ..."

"እያነበብሽ ነበር፤ አይደል? እናቴ ስትል አይሆንም እያልኩ..."

"ማን ሰጠመ?" እያሉ ወይዘሮ ጽጌ ፎጣቸውን እየጎተቱ ደረሱ።

"ውሃው ሳይጠራ ልጅ ይዛ ገባችበት!" አለ ተፈራ።

"ምኑ ሳይጠራ?"

"ሐይቁ ነዋ፤ ጎርፉ እስኪወርድ እየጠበቅን..."

ወይዘሮ ጽጌ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጋቢያችንን አዩ። "ከትናንት ጀምሮ ክራቫትህን አስረህ እዚህ የተገተርከው እንዲጠራ ነው?" አሉ በቀስታ። ከዚያ አሸዋው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። "ኮሎኔል! ኮሎኔል ና! ሰላዮች አይደሉም! እኔ እኮ ከጸጥታ የተላኩ ናቸው ብዬ ባሌን ምሳ ላይ ወሬ አስቆምኩት! አንተ መምህር፣ ይህ ውሃ ከኖኅ ጀምሮ ጠርቶ አያውቅም! መልኩ ነው! ሰው መልኩ እስኪቀየር ይጠብቃል እንዴ!"

ኮሎኔሉ መጡ፣ አስተናጋጆቹ መጡ፣ ፈረንጆቹም ተተርጉሞላቸው ሳቁ። ተፈራ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። ብርቄ ክንዴ ላይ ሆና ጫማዋን አቅፋ ሁሉንም በየተራ ታያለች። በዚያ ሳቅ መሐል የእኔን ወሬ የት ላግባው? ደግሞስ "እያነበብሽ ነበር" ያለው እውነቱን ነው። ቆይ ሲረጋጋ ብዬ ዋጥኩት። የተዋጠ ነገር ደግሞ ባደረ ቁጥር ለመውጣት ይከብዳል።

እሑድ። ሁላችንም ገባን። ተፈራ የወይዘሮ ጽጌን ባል ቁምጣ ተውሶ፣ በገመድ አጥብቆ፣ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ስለ ሐይቁ ጥልቀት ገለጻ አደረገ። ወይዘሮ ጽጌ የብርቄን ነገር ሲሰሙ "ለዚህ ነው የምትጨነቁት? በትኩስ አሸዋ እስከ ወገቧ ቅበሯት፤ የእኔ ልጅ በዚያ ነው የዳነው" አሉ። "ምን ነበር ያመመው?" አልኩ። "ሳል" አሉ።

ቀበርናት። ወይዘሮ ጽጌ ከራሳቸው ምሳ የተጠበሰ ዓሣ እሾሁን አውጥተው በእጃቸው አጎረሷት፤ ኮሎኔሉ ጥላ ያዙላት። ብርቄ እንደ አገረ ገዢ ከወገቧ በላይ ብቻ ሆና ስትስተናገድ ቆየችና እንደተቀበረች እንቅልፍ ወሰዳት።

ሰው ሲበተን እኔ ለብቻዬ ሞከርኳት። ጫማዋን አውልቄ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። አየችው፤ አየችኝ። ጣቷን ወደ ጫማው ቀስራ "አምጪ!" አለችኝ። አመጣሁላት። ሕልም አይቼ ይሆን? ሶሉን ገልብጬ አየሁ፤ እንደተገዛ ነው፤ የሄደችው በባዶ እግሯ ነበር። ለተፈራ ብነግረው "እስቲ አሳዪኝ" ይለኛል። ምን ላሳየው?

ሰኞና ማክሰኞ መመለሻ ነው። እትዬ ዙበይዳ ፍራሹን በፈላ ውሃ አሳጥበው ጠበቁን፤ ትኋኖቹ በነፍስ ወከፍ አነሱ። ከአዋሳ ወዲህ ዛፎቹ እየተጠጋጉ፣ ሰማዩ እየጠበበ፣ አየሩ እየረጠበ ሲመጣ ትከሻዬ ወረደ።  ተፈራ ከይርጋለም በኋላ መናገር አቁሞ የብርቄን ጉልበት በመዳፉ ሸፍኖ ይዞ ነበር። ያኔ ልነግረው ነበር። "ተፈራ" አልኩት። "ተዪኝ እባክሽ" አለኝ። ተውኩት።

ዲላ ዝናብ ተቀበለን። ቤት ስንገባ እማማ አስካለ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ፍሙ ውስጥ ብረት አለ።

"ሄደች?" አሉ እማማ።

ተፈራ መሬት መሬት አየ።

"አስተርእዮ ተነገ ወዲያ ነው። ጋሽ ወልዴ በዚህ ዝናብ ከቡሌ ድረስ በእግራቸው ወርደዋል።"

"ትንሽ ነው የምነካት" አሉ ጋሽ ወልዴ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። "አንድ እዚህ፣ አንድ እዚህ። ታለቅሳለች፤ ትረሳዋለች።"

ብርቄን መሬት ላይ አስቀመጥኳት። አፌ ልናገር ተከፈተ፤ ግን እጄ ቀደመው። በሩ ሥር የዝናብ ውሃ የሞላ እንስራ ነበር። አንሥቼ እንዳለ ምድጃው ላይ ገለበጥኩት።

ቤቱ ጠፋ። አመድና እንፋሎት ጣሪያ ነካ፤ ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸው ነጭ መሆኑ ቀርቶ እያስነጠሱ ወደ ጓሮ ወጡ፤ እማማ "ይህችን መጽሐፍ አሳበዳት!" ይላሉ፤ ተፈራ ስሜን ይጠራል፤ እኔ ባዶውን እንስራ ታቅፌ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጮሃለሁ። "አትነካም! አትነካም!" ሁላችንም እርስ በርስ እንተያያለን። ወለሉን የሚያይ የለም።

ከደጅ የአየለች ድምፅ መጣ። "ኧረ ኑ! ብርቄ ይሄዳል! ብርቄ እየሄደ ነው!"

ሄዳለች። በክፍቱ በር ወጥታ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ግቢው መሐል ወዳለው ድፍርስ ኩሬ እየተንገዳገደች። ደረሰች፤ ተቀመጠችበት።

እልልታው ጎረቤት ሰበሰበ። ተፈራ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ "አሸዋው ነው! አሸዋው!" ይላል። እማማ "እመቤቴ ሆይ!" ብለው መሬት ሳሙ። አየለች እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች። ጋሽ ወልዴ አመዳቸውን እያራገፉ "ብረቱን ስታይ ደነገጠች፤ አንዳንዱ ሳይነካም ይድናል" አሉና ያለ ቅሬታ እራት በሉ። ለአስተርእዮ ማርያም ጥላዋን አገኘች። ብርቄም በእግሯ ገባች፤ እስከ ቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ዲያቆን ተሸከማት።

ሁሉም ደስታውን ይዞ ቆሞ ሳለ "ቀድማ ሄዳ ነበር" ማለት ከየእጃቸው መንጠቅ መሰለኝ። ዓመታት ዝም አልኩ።

እማማ አስካለ አርጅተው ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተጎዳና እኛ ቤት መጡ። ሐኪሙ ይነሡ፣ ይራመዱ አለ። እሳቸው አልነሣም አሉ። ተፈራ በአንድ ወገን፣ ብርቄ በሌላ ወገን፣ አየለች ከፊት፣ ጎረቤት በር ላይ ሆነው "አይዞዎት!" ይላሉ። የብርቄ ታናናሾች ደግሞ ያጨበጭባሉ፣ "ወፌ ቆመች!" እማማ ግራ ቀኙን ገርመም አድርገው ተመልሰው ቁጭ።

አንድ ቀን ሁሉም ወጥተው ሁለታችን ቀረን። ዱላቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ነገርኳቸው። ማዕበሉን፣ ጫማውን፣ ወደ ማንም ሳትዞር መሄዷን።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ጥላዬን እንግዲህ ማርያምን መልሺ አልላትም" አሉ። ቀጥለው፣ "አንቺ ያኔ ምን ትሠሪ ነበር?"

"አነብ ነበር እማማ።"

የሚመጣውን ጠበቅሁ።

"ምንድን ነው የምታነቢው?"

"ስለ ንብ።"

"ንብ አለሽ?"

"የለኝም።"

ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው ዱላቸውን በዓይናቸው ለኩ።

"መጽሐፉ አለ?"

አለ። አመጣሁት፤ ስገልጠው የላንጋኖ አሸዋ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

"እዚያ ተቀመጪ" አሉ ወደ በሩ እያሳዩ። "አንብቢ። እኔን እንዳታዪኝ።"

ተቀመጥኩ። አውራዋ ንብ ቀፎዋን የምትለቅበት ምዕራፍ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ዱላው ወለሉን ሲመታ። ቆይቶ፣ እንደገና።

ቀና አላልኩም።